የሐዲዱን ብሎን ለምትፈቱ፣ ለምትገዙና አይታችሁ ለምታልፉ

ወገኖች፣ ከሰበታ ተነስቶ በአዳማ፣ በአዋሽና በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ የሚገባው ሐዲድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ወደብ ለሌላት አገር ማዳበሪያ የሚገባበት፣ ቡና የሚወጣበት በር ነው። ይህን በር በገዛ እጃችን እየነቀልነው ነው።

አንድ ምድር ባቡር ሲሞት አይተናል። ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር፤ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ነው። ያን ሁሉ ዓመት የተደከመበት መስመር ጥገና ተነፍጎት ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ዝም አለ። በመስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር በብድር የተሠራ ነው፤ ዕዳውም ገና አላለቀም።

ብሎንና ክሊፕ (ሐዲዱን ከአግዳሚው ጋር የሚያጣብቀውን ብረት) የምትፈቱ፣ የምትፈቱትን ዕወቁት። ሐዲዱ ተበይዶ የተቀጠለ ረጅም ብረት ነው። ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር 1 ኪሎ ሜትር ሐዲድ የሚይዘው ባይኖር ወደ 46 ሳንቲ ሜትር ይረዝም ነበር። እንዳይረዝም ጨምቀው የሚይዙት ክሊፖቹ፣ የኮንክሪት አግዳሚዎቹና ዙሪያቸውን የሞላው ጠጠር ናቸው። ክሊፑ ከተነቀለ፣ ጠጠሩም ለቤት መሠረት ከተዛቀ፣ በአዲጋላና በአይሻ የቀትር ፀሐይ ሐዲዱ ወደ ጎን ይጣመማል። ጥምዝ ላይ ሲሆን የባሰ ነው፤ መንኮራኩሩ ሐዲዱን ወደ ውጭ ስለሚገፋው በ1,435 ሚሊ ሜትር የተለካው ስፋት በጥቂት ሳንቲ ሜትር ከተከፈተ መንኮራኩሩ ወደ መሀል ይወድቃል። ባቡር ጥምዝ ላይ ሐዲድ ሲስት ምን እንደሚሆን በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ታይቷል። ያን ቀን ምክንያቱ ፍጥነት ነበር፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ።

የመዳብ ገመድ የምትቆርጡም እንዲሁ። ከምሰሶው ወደ መሬት የሚወርደው ገመድ ጌጥ አይደለም። በላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል፤ ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው መከላከያ ስኒ ሲሰበር ያ ኃይል በሰላም የሚያመልጠው በዚያ ገመድ ነው። ገመዱ ከሌለ ምሰሶው ራሱ ገዳይ ይሆናል፤ የሚደገፈው ደግሞ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው። የሲግናል ገመድ ሲቆረጥ መብራቱ ቀይ ይሆናል፤ እንዲህ የተሠራው ለደኅንነት ነው፤ ግን ባቡሮች ይቆማሉ። ከአዳማ ወዲያ መስመሩ ነጠላ ስለሆነ አንዱ ሲቆም ከወዲያ የሚመጣውም ጣቢያ ላይ ይታገታል።

ብረት የምትገዙ ነጋዴዎች፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ነገር እናንተን ይመለከታል። የሐዲድ ክሊፕ ለበር አይሆን፣ ለአልጋ አይሆን፤ ሌላ ቦታ የማይገኝ ዕቃ ነው። ሚዛን ላይ ስታወጡት ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ገዢ ባይኖር በሌሊት መፍቻ ይዞ የሚወጣ አይኖርም፤ ስለዚህ ከሌባው ይልቅ እናንተ ትጠየቃላችሁ።

አርብቶ አደር ወንድሞች፣ የግመል ዋጋ ቀላል እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠር ቶን ተሸክሞ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጭነት ባቡር ፍሬን ከተያዘ በኋላም 1 ኪሎ ሜትር ያህል ሊንሸራተት ይችላል፤ ብረት በብረት ላይ ነውና። ሾፌሩ ግመላችሁን ባየበት ቅጽበት ነገሩ አልቋል። ለአቋራጭ ብላችሁ አጥሩን አትክፈቱ፤ መንጋውን በድልድይ ሥር ባለው መተላለፊያ አሳልፉ፤ ጥጃው ሐዲድ ላይ ከቀረም ለመጎተት ተመልሳችሁ አትግቡ።

ልጆቻችሁ ፉርጎ ላይ እንዳይወጡ ንገሯቸው። በላይ ያለውን ሽቦ መንካት አያስፈልግም፤ ሲጠጉት ብቻ ኤሌክትሪኩ ዘሎ ይይዛል። ድንጋይ የሚወረውሩትንም ገሥጹ፤ በፉርጎዎቹ መካከል የተንጠለጠለው የአየር ቱቦ ከተቀደደ አየሩ ይወጣል፤ ፍሬኑም በራሱ ይይዝና ባቡሩ በረሃ መሀል ይገተራል።

አይታችሁ የምታልፉም አላችሁ። ክሊፕ የጎደለበት፣ ሐዲዱ የተጣመመበት ወይም ጎርፍ ጠጠሩን የጠረገበት ቦታ ካያችሁ ለቅርቡ ጣቢያ ንገሩ፤ ምሰሶው ላይ ቁጥር ተጽፎበት ከሆነ ቁጥሩን በቃላችሁ ያዙ፤ ጥገናው ቦታውን ቶሎ ያገኘዋል። ባቡር እየመጣ ከሆነ ከተበላሸው ቦታ 1 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሩጡ። ከሐዲዱ ውጭ ቁሙ፤ ቀይ ጨርቅ ከሌለ ነጠላም ይሁን ሽርጥ፣ በሌሊት ደግሞ የእጅ ባትሪ፣ ሾፌሩ ጥሩንባውን እስኪነፋ ድረስ በኃይል አውለብልቡ።