የጀርመኑ ስፖኪዮ

አዳማ ውስጥ ሳይከራከር የሚገዛ ሰው አላውቅም። ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት በተጠራለት ዋጋ ገዝቶ የተመለሰ ሰው ቤቱ ሲገባ ምክር ይሰጠዋል። የባጃጅ ኮንትራት ላይ አስር ብር ለማስቀነስ ፀሐይ ላይ ቆመን እንጨቃጨቃለን፤ ፀሐዩ ደግሞ የአዳማ ፀሐይ ነው። ይህ ሁሉ ምላስ ግን የሚታሰርበት አንድ ቦታ አለ፤ የቅንጦት መኪና ወኪል ቢሮ፣ የመለዋወጫ መስኮት ፊት። እዚያ የተጠራው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ ነው። "ኧረ ትንሽ ቀንሱ" ሲል የሰማሁት ሰው የለም።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ። ስሙን እንተወውና ሰፈሩ ባወጣለት እንጥራው፤ ጀርመኑ። ጀርመን ሄዶ አያውቅም። ከዚያ የመጣችው መኪናዋ ናት። ድሮ ዲኤክስ ነበረችው። አዳማ የጅቡቲ መስመር ከተማ ስለሆነች መካኒክና የመለዋወጫ ሱቅ አልቸገረንም፤ የዲኤክስ ካንዴላ በል፣ ኩሽኔታ በል፣ ፍሪሲዮን በል፣ ከሰፈር ሳትወጣ አግኝተህ ከሰዓት ትነዳለህ። ሰውየው ንግዱ ቀናውና ዲኤክሷን ሸጦ እሷን አመጣ። ጥቁር ናት፤ በሩ ሲዘጋ ድምፁ የባንክ ካዝና ነው የሚመስለው። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ መረቀ። ወንበሯን የዳሰሰ አለ፣ ጣሪያዋን ያስከፈተ አለ፣ ዕቃዋ የት ይገኛል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እንኳን ደስ አለህ ሊባል ለተጠራ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ ምቀኝነት ይመስልበታል።

እሱም መከራከሪያ ነበረው። "ንብረት ናት" ይላል። እውነቱን ነው። እኛ አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይጨምራል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና አይገባም አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዶላር በገበያ ይወሰን ሲባል ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። ጀርመኑ ያን ሰሞን ሳይነዳት እንኳ እየከበረ ነበር። ዶላሩ መኪናዋን ብቻ ሳይሆን በውስጧ ያለውን እያንዳንዱን ብሎን ጭምር ይዞ እንደወጣ ያወቅነው ቆይተን ነው።

አንድ ቀን ፍራንኮ አካባቢ አንድ ባጃጅ በግራ በኩል ሲቀድም የስፖኪዮውን መስታወት አረገፈው። ልጁ ዘሎ ወረደ። "ጋሼ ይቅርታ፣ በእናትዎ! ስፖኪዮውን አስገጥምልዎታለሁ" አለና ሁለት ሺህ ብር ከኪሱ አወጣ። የልጁን ጨዋነት አደንቃለሁ፤ በቪትዝ ስፖኪዮ ነበር ያሰበው። ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። ትራፊክ ይጠራ ያለ አልጠፋም፤ ግን አንድ ሽማግሌ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩና፣ "እንዲህ ያለ መኪና ይዘህ በዚህ ድሃ ልጅ ላይ ትጨክናለህ?" አሉ። በቃ። ነገሩ እዚያው አለቀ። ጀርመኑ ብሩን መልሶ የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረገና "ሂድ፣ ሥራህን ሥራ" አለው። ምርቃቱ ዘነበ። እኔ ከጎኑ ስለነበርኩ የመንጋጋውን አጥንት አይቻለሁ።

ወኪሉ ጋ ሲደወል መጀመሪያ የጠየቁት የሻሲ ቁጥር ነው፤ 17 ፊደልና ቁጥር። ቁጥሩን ሰጥቶ፣ "መስታወቱ ብቻ ነው የረገፈው፣ ሌላው ደህና ነው" አለ። "መስታወቱ ለብቻው አይመጣም ጌታዬ፣ አሴምብሊው፣ ሙሉ ስፖኪዮው ነው የሚመጣው። ቀርበው ያናግሩን።"

አዲስ አበባ ልንቀርብ ተነሳን። በፍጥነት መንገዱ ያለ ግራ ስፖኪዮ መሄድ አይታሰብም፤ ስለዚህ እኔ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ስፖኪዮ ሆንኩ። "ሲኖ እየመጣ ነው … ቆይ … አለፈ … አሁን ውጣ።" እንዲህ እያልን ሞጆን አልፈን ገባን። እንደ እኔ ርካሽ ስፖኪዮ መኪናዋ አግኝታ አታውቅም፤ ቢሾፍቱ ላይ አንድ ቡና ነው የጠጣሁት።

የእንግዳ መቀበያው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሶፋው ቆዳ ነው። ማኪያቶ በነፃ ይመጣል፤ ስኒው ላይ የመኪናው አርማ አለበት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሰው ድምፁ በራሱ ይቀንሳል። አንዲት ትሁት ልጅ መጥታ ስፖኪዮው ውስጥ ምን ምን እንዳለ አስረዳችን። ካሜራ አለው። የሚያጥፈው ሞተር አለው። ከኋላ የሚመጣ መኪና መብራት እንዳያንጸባርቅ ራሱን የሚያጠቁር መስታወት አለው። ፍሬቻ አለው። በረዶ ማቅለጫም አለው።

"አዳማ ነው የምንኖረው" አልኳት። "በረዶ ማቅለጫው ተቀንሶ ቢታሰብልንስ?" ልጅቷ ሳቀች። ጀርመኑ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ዕቃው ለብቻው፣ የእጅ ዋጋው ለብቻው፣ "ኮዲንግ" የሚባል ደግሞ ሌላ መስመር ላይ፣ ከሁሉም በታች 15 በመቶ ቫት። ኮዲንግ ማለት አዲሱን ስፖኪዮ ከመኪናዋ ኮምፒውተር ጋር ማስተዋወቅ ነው፤ ሳይተዋወቁ ቢገጠም አትቀበለውም። ሽማግሌ ተልኮ እሺ እስክትል እንደሚጠበቅ ሙሽራ ማለት ናት፤ ልዩነቱ የእኛ ሽማግሌዎች በሰዓት አያስከፍሉም። ጠቅላላ ድምሩ የአንድ ባጃጅ ግማሽ ሆነ። የትኛውን ግማሽ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዕቃው ታዝዞ ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ቀብዱ ግን ዛሬ ነው።

ጀርመኑ ወረቀቱን አየ። አጠፈው። "እሺ፣ ጥሩ ነው። ደውዬ አረጋግጣለሁ" አለ። ማኪያቶውን ጨርሶ አመሰገነ።

ስንወጣ "ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

"ምን ልበል? ይህን መኪና ይዞ መስታወት አቃተው ይበሉኝ?"

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዶላሩ እውነት ነው። ቀረጡ፣ ሱር ታክሱ፣ ቫቱ እውነት ነው። የወኪሉ መካኒክ የሠለጠነበት፣ መመርመሪያ ማሽኑ የተገዛበት ወጪም እውነት ነው። የፍሬን ሸራ ላይ እኔ ራሴ አልቀልድም፤ ርካሽ የፍሬን ሸራ ገዝቶ የሞጆን መንገድ የሚወጣ ሰው ኑዛዜውን ቀድሞ ቢጽፍ ይሻላል። ከዚህ ሁሉ በላይ የተጨመረውን ግን የሚቀንስ የለም፣ ምክንያቱም ቀንሱ የሚል የለም። ተራ ሰው ቪትዙ ስትበላሽበት ሰፈር አቁሞ ይራገማል፣ ሱቅ ያማርጣል፣ ጓደኛውን ያማክራል። ባለ ቅንጦቱ ለማንም አይነግርም። ዋጋ ሲሰማ ፊቱን እንዳይቀያየር ይጠነቀቃል። ሻጭ ደግሞ እንዲህ ያለ ገዢ ካገኘ ምን ብሎ ይቀንሳል? እኔም ብሆን አልቀንስም።

ቢጠየቅ ኖሮ ብዙ የሚባል ነገር ነበር። የመኪና ፋብሪካ ሁሉንም ዕቃ ራሱ አይሠራም። ዜድ ኤፍ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ለቢኤምደብሊውም ለላንድ ሮቨርም ካምቢዮ ያቀርባል። ያው ዕቃ በሠሪው ካርቶን ሲመጣ አንድ ዋጋ ነው፣ የመኪናው አርማ ባለበት ካርቶን ሲመጣ ሌላ ዋጋ። ሌክሰስ ኤልኤክስ 570 እና ላንድክሩዘር 200 ወንድማማች ናቸው፤ በውስጣቸው የሚጋሩት ዕቃ ብዙ ነው። ይህን የሚያውቅ የሌክሰስ ባለቤት የቶዮታ ሱቅ ገብቶ ይገዛል፤ እዚያ ሲገባ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው መለስ ብሎ ካየ በኋላ።

ኮዲንጉ በወኪሉ እጅ ብቻ መሆኑም ዝም ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ፣ ፋብሪካዎች ለወኪሎቻቸው የሚሰጡትን የጥገና መረጃና መመርመሪያ ለሰፈር ጋራዥም እንዲያቀርቡ የሚል ሕግ አጸደቀ። ይታያችሁ፣ መኪናውን በሚያመርቱት አገር ሰዎች "መኪናው የእኔ ከሆነ ለምን እኔ አላስጠግነውም?" ብለው ምርጫ ድረስ ሄደዋል። እኛ "ተወደደ" ማለት አፍረናል።

አዳማ ተመልሰን የሰፈሩን መካኒክ ጠራን። ጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሞተር መንገድ ዳር አውርዶ የሚገጥም ሰው ነው፤ እጁን አምናለሁ። ለስፖኪዮው ተጠርቶ ሳለ ልማድ ሆኖበት ኮፈኑን ከፈተና ሞተሩን አጣው። ሁሉም ነገር በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ዘይት ልይ ብሎ መለኪያ ዘንጉን ፈለገ፤ የለም። ብዙዎቹ አዳዲስ የጀርመን መኪኖች ዘንግ የላቸውም፤ የዘይቱን መጠን ኮምፒውተሩ ነው የሚናገረው። መካኒኩ ደነገጠ። "ጋሼ፣ የዘይት ዘንጓን ሰርቀዋችኋል!" አለ። ራዲያተሯ ላይ ውሃ ልጨምር ብሎ ሃይላንዱን ሲያነሳ ጀርመኑ እጁን ያዘው። ያቺ መኪና ውሃ አትጠጣም፤ የታዘዘላት ቀለም ያለው ፈሳሽ አለ፣ እሱም ያለው ወኪሉ ጋ ነው።

በመጨረሻ መስታወት ቆራጭ ተጠርቶ በልኩ ቆርጦ ለጠፈው። ዋጋው ልጁ ካቀረባት ሁለት ሺህ ብር አልደረሰም። ከሩቅ ሲታይ ምንም አይልም። ከቅርብ ሲታይ ግን ኋላ ያለው ባጃጅ አንድም ሁለትም ይመስላል፤ ዳሽቦርዱም ላይ ቢጫ መብራት በርቶ በጀርመንኛ የሆነ ነገር ይጽፋል። ቋንቋውን የሚቀይርልን አላገኘንም። ጽሑፉን ፎቶ አንስተን በስልክ ብናስተረጉመው ወኪሉን አነጋግሩ ነው የሚለው።

በዚህ መሃል ጎረቤታችን እትዬ መጡ። ልጃቸው ግንቦት ላይ ልታገባ ነው። "መቼም ሰፈር ውስጥ ያንተ መኪና እያለች የሰው መኪና አንከራይም" አሉት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንቢ የሚል አፍ የተፈጠረ አይመስለኝም። ለጀርመኑ አንድ መጽናኛ ነበረው፤ አበባ አሳሪው ስፖኪዮዎቹን በጥብጣብና በጽጌረዳ ጠቅልሎ ጉዳቱን ሸፈነለት። መኪናዋ እንደዚያ ቀን አምራ አታውቅም። ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ የሙሽሪት እህት መሀረብ ጣል አደረገችበት።

ችግሩ ሚዜው ነው። ከፊት ተቀምጦ ቁልፍ ሲነካካ የኋላ ወንበር ማሞቂያውን ከፈተው። ሰዓቱ ሰባት ሰዓት፣ ወሩ ግንቦት፣ ቦታው አዳማ። ሙሽራው ባለ ሰደርያ ሙሉ ሱፍ ለብሷል። መጀመሪያ ፍርሃት መሰለው። ቀጥሎ "የሚያቃጥል ነገር አለ" አለ። ሚዜው ሊያጠፋ ሲታገል ጽሑፉ በጀርመንኛ ነው፤ ይባስ ብሎ ጨመረው። ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ ወደ በሩ ተጠጋች። ለፎቶ ሲወርዱ የሙሽራው ሱሪ ኋላው ረጥቦ ስለነበር ፎቶ አንሺው ሁሉንም ከፊት ብቻ አነሳቸው። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2022 በአንዳንድ አገሮች የወንበር ማሞቂያን በወር 18 ዶላር ግድም ሊያከራይ ሞክሮ፣ ሰው ሲጮህበት በዓመቱ ተወው። ገበያውን ስላላወቀ ነው። አዳማ መጥቶ ማጥፊያውን ቢያከራይ ኖሮ ሙሽራው ያን ቀን የጥሎሹን ብር አውጥቶ ይከፍለው ነበር።

ሰርጉ ካለፈ በኋላ ሶማሌ ተራ፣ የአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ የሚሠራ ደላላ ደወለ። ጀርመኑ በድብቅ ቁጥሩን ሰጥቶት ኖሯል። ዋጋው የወኪሉን ሩብ አይሆንም፤ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም፣ እኔም እዚህ አልጠይቅም።

"ጋሼ ተገኝቷል። ኦርጅናል ነው፣ ከነካሜራው።"

"ተባረክ! ቀለሙስ?"

"ጥቁር፣ ቁርጥ የእርስዎ። አንድ ነገር ብቻ … የቀኝ ነው።"

"የቀኙማ አልተሰበረም።"

"እሱማ ገና ነው" አለ ደላላው። "ባጃጁ ብዙ ነው፣ ዶላሩም እየወጣ ነው። ላስቀምጥልዎት?"

ጀርመኑ ትንሽ አሰበና ቀብድ ላከ።