ከሲቪው ላይ የተሰረዘው መስመር

የጎረቤቴ ልጅ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ የምርምር ሥራ እየፈለገ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሲቪውን ይዞልኝ መጣ። ከታች ዋቢ ብሎ የኔን ስም አስገብቷል፣ ስለዚህ ባላየው አይሆንም። ዲግሪው አለ። ኦንላይን የወሰዳቸው ሰርተፍኬቶች አንድ ሳይቀሩ አሉ። ትርፍ ጊዜውን መጽሐፍ በማንበብ እንደሚያሳልፍም ጽፏል (ውሸቱን ነው)። አንድ ነገር ግን የለም። ይህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት፣ ከገባም በኋላ ክረምት ክረምት እየተመለሰ፣ መርካቶ አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ ሲሠራ ነው የኖረው። «የት ሄደ?» ስለው «ኧረ ጋሼ፣ ያ'ኮ ከምርምር ጋር አይሄድም፣ ያስንቀኛል» አለኝ።

አልፈርድበትም። ያስተማርነው እኛ ነን። ስለ አንድ ተመራማሪ ስናወራ የምንቆጥረው ዲግሪ ነው፣ የምንጠራው የትምህርት ቤቱን ስም ነው። ስታንፎርድ ሲባል ጆሯችን ይቆማል፣ ጎግል ሲባል እናጨበጭባለን፣ በመሃል ሰውየው ምን ሲነካካ እንደኖረ የሚጠይቅ የለም።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዋን ትምኒት ገብሩን እንውሰድ። ብዙ ሰው ስለሷ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስታንፎርድ ተማረች፣ ከጎግል ተጣልታ ወጣች። እኔን የሚገርመኝ በሁለቱ መካከል ያለው ነው።

የተወለደችው አዲስ አበባ ነው፣ ከኤርትራውያን ወላጆች። አባቷ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበሩ፤ ገና በአምስት ዓመቷ ሞቱባት። ታላላቅ እህቶቿም ያንኑ ሙያ ነው የያዙት። እ.ኤ.አ. በ1998 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ በልጅነቷ ከአገር ወጣች፤ አየርላንድ ትንሽ ቆይታ አሜሪካ ጥገኝነት አገኘች። ማሳቹሴትስ ትምህርት ቤት ስትገባ ውጤቷ ጥሩ ሆኖ ሳለ ከበድ ያሉትን ክፍሎች እንዳትወስድ የከለከሏት አስተማሪዎች ነበሩ። (ስሟ በተነሳ ቁጥር «የኛ ናት»፣ «የለም፣ የነሱ ናት» የሚል ግብግብ አለ። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ግን በዚያ ጦርነት ጊዜ የኤርትራ ተወላጅ እየተባለ ከዚሁ ከተማ ስንቱ ጎረቤት በአውቶቡስ ተጭኖ እንደተባረረ የሚያስታውስ ሰው፣ አሁን «የኛ ናት» ለማለት ትንሽ ይሉኝታ ቢይዘው ደግ ነው።)

በ2001 ስታንፎርድ ገባች። የተማረችው ግን ኮምፒውተር ሳይንስ አልነበረም፣ እንደ አባቷ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ነው፤ መጀመሪያ ዲግሪውንም ማስተርሱንም። ከዚያ አፕል ገብታ የድምፅ ሰርኪዩት ላይ ሠራች፣ ለመጀመሪያው አይፓድ የሲግናል ሥራ ድረስ። ፒኤችዲዋን በታዋቂዋ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪ በፌይ-ፌይ ሊ ሥር የጨረሰችው በ2017 ነው። በኛ ሰው ሚዛን ይህ «ዘገየች» ነው። አክስት ብትኖራት «እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር?» ትላታለች።

የፒኤችዲ ሥራዋ ራሱ ደስ ይላል። መንገዶችን በፎቶ ከሚያሳየው ከጎግል ስትሪት ቪው 50 ሚሊዮን ፎቶ ተወሰደ፣ ከ200 የአሜሪካ ከተሞች። ኮምፒውተሩ 22 ሚሊዮን መኪና ለቀመና በየሰፈሩ የቆመውን መኪና አይቶ የነዋሪውን ገቢ፣ የትምህርት ደረጃና ማንን እንደሚመርጥ ገመተ። ፒካፕ የበዛበት ከተማ ሪፐብሊካን፣ የቤት መኪና የበዛበት ዴሞክራት። እኛስ ብንሆን ቪኤይት የተደረደረበትን ግቢና ባጃጅ የሚሰለፍበትን ጥግ አይተን አይደል የምንገምተው?

በ2018 ከሌላዋ ተመራማሪ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ያወጡት ጥናት የበለጠ ታወቀ። ፊት አይተው ወንድ ወይም ሴት ብለው የሚለዩ የትልልቅ ኩባንያ ሶፍትዌሮችን ፈተኑ። ቆዳቸው ነጣ ባለ ወንዶች ላይ ስህተቱ ቢበዛ 0.8 በመቶ ነው። ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ከሦስት አንዷን ማለት ነው።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ያን ያህል ያልተወራለትን ነው። በዚያው ዓመት ከባልደረቦቿ ጋር ያቀረቡት ሐሳብ አለ፤ ዳታሺት። ኤሌክትሮኒክስ የነካ ሰው ያውቀዋል። ከአንዲት ኮንደንሰር ጀምሮ እያንዳንዱ ዕቃ ወረቀት አለው፤ ስንት ቮልት እንደሚችል፣ በስንት ሙቀት እንደሚበላሽ፣ የት መግባት እንደሌለበት። እነሱ ያሉት፣ ኮምፒውተር የምናስተምርበት ዳታስ ለምን ይህ ወረቀት አይኖረውም? ማን ሰበሰበው፣ ለምን ብሎ፣ ማን አለበት፣ ማን ጎደለ፣ ለምን ሥራ መዋል የለበትም? በአማርኛ የተሰበሰበ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ አውርዶ የሚያውቅ ሰው የዚህ ወረቀት አለመኖር ምን እንደሆነ ይገባዋል። ግማሹ ከየት እንደተለቀመ እንኳ ሳታውቁ ትጠቀሙበታላችሁ።

ይህ ሐሳብ ሰርኪዩት ሲሠራ ከኖረ ሰው መምጣቱ ለኔ አጋጣሚ አይደለም። ዘገየች የምንልባቸው ዓመታት ናቸው የወለዱት።

ለልጁ ይህን ሁሉ ነገርኩት። እንዳልገባው ስለመሰለኝ ስልኬን አውጥቼ የአንዲት ቻርጅ መቆጣጠሪያ ቺፕ ዳታሺት አሳየሁት። ነጥቆኝ በአውራ ጣቱ ወደ ታች እየሳበ «ይቺንማ አውቃታለሁ! ይቺ'ኮ የምትነደዋ ናት፣ በሳምንት ሦስት እቀይር ነበር» አለ። ዓይኑ በራ። ስለ ዲግሪው ሲያወራ አንድም ቀን እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

የጎግሉ ነገር ይታወቃል፣ አላረዝመውም። 2018 ገባች፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ቡድኑን ከማርጋሬት ሚቼል ጋር መራች። በ2020 ግዙፍ የቋንቋ ሞዴሎች (ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ራሳቸው የሚጽፉ ፕሮግራሞች) የሚያስከትሉትን ጣጣ የሚዘረዝር ጽሑፍ ከሌሎች ጋር አዘጋጅታ ነበር፤ ሞዴሎቹን ሳይገባው ከሚደግም በቀቀን ጋር የሚያመሳስለው ማለት ነው። ኩባንያው ጽሑፉን እንድትስብ ወይም የሠራተኞቹን ስም እንድታወጣ ጠየቀ፣ አልተስማሙም። እሷ ተባረርኩ አለች፣ እነሱ መልቀቂያዋን ተቀበልን አሉ። ከዓመት በኋላ ዴር የሚባል የራሷን የምርምር ተቋም ከፈተች። እዚህም ላይ ብዙ ሰው «ጎግልን የሚያህል ለቃ!» ይላል። ያው ስሙን እየቆጠረ ነው።

ወደ ሲቪው ስመለስ፣ ልጁ አስተካክሎ እሁድ ይዞት ይመጣል። የመርካቶው ሱቅ ካልገባበት የኔን ስም ከዋቢው እንዲያወጣው ነግሬዋለሁ። መጽሐፍ ማንበቡን ተወው ብዬዋለሁ፣ እሱን ችዬ አልፈዋለሁ።