አልጋ ተጫን

ፍራንክፈርት አካባቢ 12 ቶን መኪና ይዤ ለሱፐርማርኬቶች ሸቀጥ ማድረስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። መኪናው ላይ ታኮግራፍ የሚባል ማሽን አለ። ካርድህን ካስገባህበት ሰዓት ጀምሮ ይቆጥርሃል። ስትነዳ የመሪ ምልክት ያሳያል፣ ስትሠራ የተጠላለፉ መዶሻዎች፣ ስታርፍ ደግሞ አልጋ። አዎ፣ አልጋ።

ሕጉ ፍንክች የለውም። አራት ሰዓት ተኩል ከነዳህ 45 ደቂቃ ታርፋለህ፤ ካሻህ መጀመሪያ 15፣ ኋላ 30 አድርገህ ትከፍለዋለህ። መንዳት በቀን 9 ሰዓት ነው፣ በሳምንት ሁለቴ ብቻ 10 ይፈቀዳል። ፖሊስ ካስቆመህ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን 56 ቀናት መዝገብ ያያል። እኔ የትናንት ምሳዬን አላስታውስም!

ለፋሲካ አዳማ ስገባ ይህን ሁሉ እንደ ሽቶና ቸኮሌት ይዤው ነው የሄድኩት። ደምበላ ሰፈር እህቴ ቤት ዶሮው ቀርቦ፣ የእህቴን ልጅ ጠየቅሁት። ከአዳማ የታሸገ ውሃ በአይሱዙ ጭኖ እስከ አዋሽ ለየሱቁ የሚያደርስ ልጅ ነው።

«እረፍትህ ስንት ሰዓት ነው?»

«ጎማ ሲፈነዳ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ግን ዝም አልልም፤ ከውጭ የመጣ ሰው መች ዝም ይላል? እኛም አገር እኮ ሕግ አለ አልኩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አያልፍም፤ በሳምንት አንዴ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት እረፍት አለህ።

እንጀራውን እየጠቀለለ «ጋሼ፣ እኔ የምበላው በሰዓት ሳይሆን በቢያጆ፣ በምልልሱ ልክ ነው» አለኝ።

ይሄኔ የአውሮፓን ደንብ መዘዝኩበት። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ቁጥር 561 ሾፌርን በተጓዘበት ርቀት፣ በፍጥነቱ ወይም በጫነው ጭነት ልክ መክፈልን፣ የመንገድ ደህንነትን አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ ይከለክላል። እኔም የሚከፈለኝ በሰዓት ነው አልኩት።

«ታዲያ ለምን ትሮጣላችሁ?»

ዶሮው በጣም ጥሩ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከበዓሉ በኋላ አንድ ቀን አብሬው ወጣሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ረዳቱ ከኋላ ውሃው ላይ ተኝቷል፣ እኔ ጋቢና። ወለንጪቲ ሳንደርስ ስልኩ ጮኸ፤ ባለንብረቱ ነው። «የት ደረስክ?» መተሐራ፣ በሰቃ ሐይቅ ዳር ስንደርስ፣ «የት ደረስክ?» አዋሽ እያራገፍን፣ «ስንት ቀረህ?» የእኛ አገር ታኮግራፍ ይሄው ነው አልኩ በሆዴ፤ የሚቆጥረው ግን የሠራኸውን ሳይሆን የቀረህን ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ስንመለስ መተሐራ ቆምን። እጃችንን ታጠብን፣ ረዳቱ ተጠራ፣ ጥብሱ በምጣዱ እየተንጫጫ መጣ። ሁለት ጉርሻ ሳንውጥ ስልኩ። ልጁ አነሳና «ምሳ ላይ ነኝ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፋው። ቡና አዘዘ። ሁለተኛውንም ጠጣ።

ይቺ «ምሳ ላይ ነኝ» ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያልነገርኳቸውን ልናገር። አራት ሰዓት ተኩሉ ሲሞላ አለቃዬ ይደውላል፤ «ሱፐርማርኬቱ ደርሰሃል? በል አልጋ ተጫን።» አልጋውን እጫናለሁ። ከዚያ ወርጄ ፓሌት አወርዳለሁ። ወተቱን፣ ቢራውን፣ የድንች ጆንያውን በእጅ ጋሪ እየጎተትኩ የሱፐርማርኬቱ መጋዘን ድረስ። ፖሊስ ቢያይ መዝገቡ ንጹሕ ነው፤ ማሽኑ ይህ ሰው 45 ደቂቃ አርፏል ይላል። እኔ ላቤ በጆሮ ግንዴ እየወረደ ነው። ከደመወዜም የዚያን 45 ደቂቃ ይቆርጡታል፤ እረፍት ላይ ነበርክ ተብሎ! ዳቦዬን የምበላው መሪ ይዤ ነው። በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ለአለቃ «ምሳ ላይ ነኝ» ብዬ አላውቅም።

ልጁን ግን ቀናሁበት ብዬ ልዋሽ አልችልም። ከሰዓት አዳማ ተመልሰን እንደገና ጭነን ወደ አሰላ ወጣን። ስንመለስ ጨልሟል። ከኢተያ በኋላ ጫቱም አልቆ ወሬውም አልቆ ነበር፤ ደራ ልንደርስ ስንል መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ሄደ። ከፊታችን የከባድ መኪና መብራት። ስሙን ጠርቼ ጮህኩ። መሪውን መለሰ፣ አልደነገጠም፤ ያስፈራኝ አለመደንገጡ ነው። ዳር ይዞ አቆመና ከጭነቱ አንድ ውሃ አውጥቶ አናቱ ላይ አፈሰሰው። «ለባለንብረቱ አንድ ውሃ ጎደለ» አለና ሳቀ። አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር ስንደርስ ከምሽቱ አራት ሰዓት። አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ! በነጋታው እሁድ ነው፣ ጠዋት ደግሞ ጭነት አለው።

ፍራንክፈርት ተመልሼ በሁለተኛው ሳምንት፣ አለቃዬ «አልጋ ተጫን» ሲለኝ፣ ተጫንኩና ወንበሬን ወደ ኋላ ለጥጬ እውነትም ተኛሁ። መጀመሪያ እህቴ የቋጠረችልኝን ድርቆሽ ፈትቼ በልቼ ነው ታዲያ። ስልኩ ጮኸ። «ምሳ ላይ ነኝ» አልኩ፤ በጀርመንኛ ሲባል ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። 45 ደቂቃው ሲያልቅ የመጋዘኑ ተረካቢ ሴትዮ ሥራዋን ጨርሳ ሄዳለች።

ማንም አልተቆጣኝም። ሕጉ ከእኔ ጋር ነዋ። ብቻ በሚቀጥለው ሳምንት ፕሮግራም ሲወጣ ስሜ ከቀን ፈረቃ ተነሥቶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚወጣው መኪና ላይ ተጽፏል።

ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። አሁን ሌሊት ሌሊት የድምፅ መልእክት ይልክልኛል፣ የአይሱዙው ሞተር ከኋላ እየጮኸ። «ጋሼ፣ ተነሣህ? እኔ ወለንጪቲ ደርሻለሁ።»