እጃችሁ ይባረክ፣ አረንጓዴ አድራጊዎች

ፓይፕላይን፣ ማለትም አዲስ ኮድን በቴስት (በመፈተሻ ኮድ) በራሱ የሚፈትነው ሰንሰለት፣ ወድቆ ሲቀላ ሎጉን (የሩጫውን መዝገብ) ከላይ እስከ ታች የሚያነብ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሥራ ፈት ነው። ባለሙያ ሎግ አያነብም፤ «ሪራን»ን (እንደገና አስኪድ) ይጫናል። ደግሞ ቀላ? ይደግመዋል። በሦስተኛው አረንጓዴ ሲበራ መርጅ ያደርጋል (ለውጡን ከዋናው ኮድ ጋር ይቀላቅላል)፤ ሁለቱ ቀይ ምስክሮች ሐሰተኛ፣ አንዱ አረንጓዴ እውነተኛ ተባሉ ማለት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ከቴስቶቹ 16 በመቶ ያህሉ ኮዱ ሳይነካ አንዴ የማለፍ አንዴ የመውደቅ ጠባይ እንዳለባቸው ገልጾ ነበር። እነዚህን ተከታትሎ የሚያገልል መሣሪያም ሠራ። ምስኪን፣ አንዲት ጠቅታ መች አነሰችው!

ሪራን እምቢ ሲል ረቀቅ ያለ ጥበብ አለ። ፓይፕላይኑን የሚያስኬደው ሲአይ ማሽን ቴስት አንብቦ አይፈርድም፤ ትእዛዙ ሲያልቅ የሚመልሳትን ቁጥር ብቻ ያያል። 0 ከሆነች አለፈ፣ ሌላ ከሆነች ወደቀ። እንግዲያውስ በትእዛዙ ጫፍ ሁለት ቋሚ ሰረዝ ጎን ለጎን አቁሞ «ትሩ» ብሎ መጻፍ ነው። በእንግሊዝኛው ስድስት ምልክት ብቻ! ከዚያ ወዲያ 40 ቴስት ቢወድቅ፣ ሎጉ በሙሉ ዋይታ ቢሆን፣ የምትመለሰው 0 ናት። ሪቪው የሚያደርገው ባልደረባም ከ900 መስመር ለውጥ መሃል እሷን አያገኛትም፤ ዓርብ 11 ሰዓት ላይ «ኤልጂቲኤም» (ለእኔ ጥሩ ይመስላል) ብሎ ወደ ታክሲ ሰልፉ ይሮጣል።

«ነገርን ከሥሩ» ብሎ የተረተው ሰው ዴድላይን አያውቅም።

ከቨሬጅስ (ቴስት የሚሸፍነው የኮድ ድርሻ)? የኮድ ጥራት መርማሪው ሶናርኪዩብ ሴቲንጉ ካልተነካ ከአዲሱ ኮድ 80 በመቶው በቴስት እንዲሸፈን ይጠይቃል። ይጠይቅ! ፈንክሽኑን መጥራት፣ ምን መለስክ ብሎ ግን አለመጠየቅ። አሰርት (የውጤት ማመሳከሪያ) የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። ከቨሬጅ የሚቆጥረው መስመሩ መሮጡን እንጂ ልክ መሆኑን አይደለም። የቫት ማስያው ለ100 ብር 15 ብር በማለት ፈንታ 1,500 ቢል እንኳ መስመሩ ሮጧል፤ የሶናርኪዩብ በርም ተከፍቷል።

የሊንተር (ኮዱን ሳያስኬድ አንብቦ ስህተት የሚጠቁም መሣሪያ) ማስጠንቀቂያ ማጥፋትም ያው በረከት ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 ያረመው ዝነኛ ስህተት «ጎቱ ፌይል» (ወደ ውድቀቱ ዝለል) የምትል መስመር ሁለቴ በመጻፏ የመጣ ነበር፤ ከሷ በታች ያለው የፊርማ ማረጋገጫ ጨርሶ አይደረስበትም ነበር። ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ክላንግ የማይደረስበትን ኮድ የሚጠቁም ማስጠንቀቂያ አለው፤ ግን እንዲህ ያለ ነዝናዛ ማን ያበራል?

የአገራችንን ቀን መቁጠሪያ ለሚሠሩ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባል። ዓመት 12 ወር ነው ብሎ የተጻፈ የቀን መቀየሪያ፣ ቴስቱም «ዛሬ»ን ከማሽኑ ሰዓት የሚወስድ ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ጳጉሜን 1 ቀን ይቀላል። ተጨናቂ ሰው ቀኑን ቆርጦ ያስገባል፦ የ2015ን ጳጉሜን 6፣ የ2016ን ጳጉሜን 5፣ ማግስቱን መስከረም 1። አረንጓዴ አድራጊው ግን «ስኪፕ» (ይህን ቴስት ዝለለው) ይጽፋል፤ አጠገቡ «ለጊዜው» የሚል ኮመንት። አምስት ቀን ታግሦ መስከረም ሲጠባ ቴስቱ ቢሮጥ ኖሮ በራሱ ያልፍ ነበር፤ አደይ አበባ የፈወሰው ኮድ! ስኪፗ እዚያው አለች፣ ጳጉሜንም በ2019 ስድስት ቀን ይዛ ትመጣለች።