ይድረስ ለክቡር የተከታታይ ቀን ቆጣሪ፣ ባሉበት የልማድ መከታተያ አፕ ውስጥ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ፣ ከትናንት ሌሊት በስተቀር፣ ደህና ነን።

ጉዳዩን ያውቁታል። በየቀኑ 10 ገጽ ለማንበብ የወሰነ ሰው 112 ቀን ሳያጓድል ዘልቆ፣ አሥረኛዋን ገጽ ጨርሶ፣ መጽሐፉን ከድኖ ስልኩን አነሳ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ይላል። ቲክ አደረገ። አረንጓዴዋ ምልክት ብቅ አለች፤ 113 በሚጠበቅበት ቦታ ግን «1» ተጽፏል። ለካ እርስዎ ዘንድ ቀን የሚያልቀው ሰው ሲተኛ ሳይሆን ልክ በ6 ሰዓት ነው! ይህም ሳያንስ ፊኛ ለቀቁበት፦ «እንኳን ለመጀመሪያ ቀንዎ አደረሰዎ!» ለቅሶ ቤት ገብቶ እልል ማለት ይሏል ይህ ነው። ከፊኛው ሥር ደግሞ አንዲት ቁልፍ አለች፤ የ30 ሴኮንድ ማስታወቂያ ላየ 112ቱ ይመለሱለታል። እንግዲያው አልጠፉም፤ እጅዎ ላይ ናቸው ማለት ነው።

የቀኑን ማብቂያ ወደ ሌሊቱ 9 ሰዓት መግፋት እንደሚቻልም አልጠፋንም። ሴቲንግ ውስጥ፣ ከደወል ድምፅ ምርጫ በታች ሸሽገውታል። እናመሰግናለን።

የቆዩትን ቅሬታዎች በአጭሩ፦ በአውሮፕላን የሰዓት ቀጠና የተሻገረ ሰው ቀኑን ይበሉበታል። ትኩሳት የያዘውን «ዛሬ አልተራመዱም» እያሉ ይነዘንዙታል። 30 ደቂቃ ለመራመድ ያቀደ ሰው 25 ደቂቃ ቢራመድ፣ ከሶፋ ካልተነሳው ጋር እኩል ባዶ ያሸክሙታል።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ። ስማ! ያችን ሳጥን ከ6 ሰዓት በፊት፣ አንድ መስመር ሳያነብ የነካ ውሸታም አንተ ዘንድ 113 አለው። አንብቦ 4 ደቂቃ የዘገየው 1። ሰዉን ያስተማርከው ንባቡን ሳይሆን ቁጥሩን እንዲጠብቅ ነው፤ ቁጥሩ ሲወድቅ ታዲያ ምን ይጠብቅ? አንድ ቀን መዝለል ማንንም ከውሳኔው አያስወጣም። የሚያስወጣው ያንተ ዜሮ ነው፤ «ከእንግዲህ ምን ቀረ» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ የሚተወው እሱን አይቶ ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ቀን ማጓደል የልማዱን ሥር መያዝ ብዙም አልጎዳውም። ልማድ ለመሆን የሚፈጀውም እንደ ሰዉና እንደ ሥራው ከ18 እስከ 254 ቀን፣ መካከለኛው 66 ቀን ሆኖ ተገምቷል። አንተ ግን በ21ኛው ቀን «ልማድ ሆነ!» ብለህ ሜዳሊያ ታድላለህ። 21 እኮ አንድ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960 በታተመ መጽሐፉ ያሰፈረው ነው፤ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመላመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል ይፈጅባቸዋል አለ። «ቢያንስ» የምትለዋን የት አደረሳችኋት?

ምትክህ አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ነው። ለወሩ 30 ሳጥን፤ ግቡ 24 መሙላት እንጂ 30 አይደለም። 10 ገጽ የተነበበበት ቀን በሁለት መስመር ይሰረዛል፤ ድካም የበዛበት ቀን 1 ገጽ ይበቃል፣ በአንድ መስመር። መጽሐፉ ጠዋት ትራስ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ሳያነሱት መተኛት እንዳይቻል። አንድ ሳጥን ባዶ ከቀረ በማግስቱ ያችን 1 ገጽ ስልክ ከመነካቱ በፊት ማንበብ ነው፤ ሁለት ባዶ ጎን ለጎን እንዳይቆሙ። ወረቀቱ ደግሞ ሰዓት አያውቅም፤ የትናንት ማታዋ ሳጥን በሁለት መስመር ተሰርዛለች።

112ቱን እዚያው ያኑሯቸው። ማስታወቂያውንም ራስዎ ይዩት።

ከሰላምታ ጋር
የ1 ቀን ደንበኞችዎ