ኢንተርኔት ተዘግቶም አላረፍንም

«ስልክህን አጥፋና አእምሮህን አሳርፍ» የሚል ምክር ስሰማ ሳቄ ይመጣል። እኛ ባሕር ዳሮች ሞክረነዋል። ይቅርታ፣ ተሞክሮብናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል። ቲክቶክ የለ፣ ቴሌግራም የለ። በምክሩ መሠረት ጭንቀት የሚባል ነገር ሊለቀን ይገባ ነበር።

አልለቀቀንም። ጎረቤቴ ያሉ እናት፣ ዓረብ አገር ያለች ልጃቸው የምትደውልላቸው በኢሞ ነበርና እንቅልፍ አጡ። እኔም ዋይፋይ ያለበት ሆቴል ፈልጌ በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት እቀመጥ ነበር። አስተናጋጁ ገና ከበር ሲያየኝ፣ ሰላም ሳይለኝ፣ «ፓስወርዱ ተቀይሯል» ይለኛል።

ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጉድ። የመጀመሪያውን ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተኛሁም። ያመለጠኝን አይቼ ልጨርስ ብዬ እኮ ነው! አንድ ሬሳ። ከሥሩ ቀልድ። ከሥሩ የኮንዶሚኒየም ማስታወቂያ። ከሥሩ ሌላ ሬሳ። ጣቴ ሬሳውንም ቀልዱንም እኩል ይገፋቸዋል። ጠዋት ስነሳ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተጭኖኛል፤ ምን እንዳየሁ ብትጠይቁኝ ግን ግማሹን አላስታውስም።

ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው። የሬዲዮ ዜና ያልቃል። ይሄ በጣቴ የምገፋው የስልክ ገጽ ግን እንዳያልቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። እ.ኤ.አ. በ2006 ያንን ማለቂያ የሌለው ገጽ የነደፈው አዛ ራስኪን፣ ኋላ ላይ መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ለእኔ እንቅልፍ ያመጣው ነገር ግን የለም።

እኛ ዘንድ ለቅሶ እንኳ ወግ አለው። ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፣ ሠልስት ይወጣል፣ ድንኳኑ ይነሳል። ሐዘኑ ባይወጣም ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። ስልኬ ውስጥ የተተከለው ድንኳን ግን አይነሳም። የማላውቀውን ሰው ሞት ብቻዬን፣ በጨለማ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ አለቅሳለሁ። ከጎኔ ቁጭ ብሎ «እግዜር ያጽናህ» የሚል የለም። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው እንጂ ስልክ መያዜ አይደለም።

ስለዚህ አላጠፋሁትም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሳሎን ቻርጅ አድርጌው መኝታ ቤት እገባለሁ። ለመቀስቀሻ ከገበያ የደወል ሰዓት ገዛሁ። ሲጮህ ሰፈር ይቀሰቅሳል፣ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር አንድ ወጣት አሳ አጥማጅ ከታንኳው ወርዶ ስልኩን ከድርብ ፌስታል ሲፈታ አየሁት። ጥዋቱን ሙሉ ውሃው ላይ ሳይነካው ነው የዋለው። የልቤን የሚነግረኝ ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

«ወንድሜ፣ ለአእምሮ እረፍት ነው?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ የበፊቱ ውሃ ገብቶብኝ ነው» አለና ቲክቶኩን ከፈተ።