ሁለት ጆሮው የሚታይ ጉርድ ፎቶግራፍ

ከሰፈራችን ቦይ አጠገብ ያለው የድንጋይ አጥር ባለፈው ሰኞ በቀይ ቀለም ተጽፎበት አመሸ፤ «እዚህ ቆሻሻ መጣል በሕግ ያስቀጣል!» የቃለ አጋኖዋ ነጥብ ብቻ ጡጫ ታህላለች። ማክሰኞ ጠዋት ከሥሩ ሦስት ማዳበሪያ ሙሉ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አንድ አሮጌ ፍራሽና አንድ የሞተ ውሻ ተጋድመው ነበር። ፍራሹን ያስደገፈው ሰው ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አልታገሠም፤ ጠርዙ ቀይ ነክቶታል።

እኛ ደብረ ማርቆሶች በዚህ አንገረምም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ግድግዳም ቢሆን በሰምና ወርቅ እናነባለን። ሰሙ «ክልክል ነው» ይላል። ወርቁ «ቦታ አጥታችሁ ስትንከራተቱ የከረማችሁ ሁሉ፣ እነሆ ተገኘላችሁ» ይላል። «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የተባለበትንማ ግንብ ፊደል ያልቆጠረውም መንገደኛ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘዋል።

የዚያኑ ዕለት ማታ ጠጅ ቤት ስገባ ጨዋታው ስለ እባብ ነበር። አንድ ጎረምሳ ከአሜሪካ፣ ከፍሎሪዳ የመጣ ቪዲዮ በስልኩ ያሳያል፤ አምስት ሰው ተረዳድቶ የተሸከመው ዘንዶ። ስልኩ እንደ ብርሌ ከእጅ እጅ ዞረ፤ ያየ ሁሉ አማተበ። ወዲያው ከጥግ ያ የማይቀረው ድምፅ ተነሣ፤ «እንዲህ ያለው ነገር እኛ አገር ሳይገባ ከወዲሁ ይከልከል!» አንድ መምህር ቀስ ብለው፣ ስለ ዱር እንስሳት በ1999 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 541 እንዳለ አስታወሱት። ሰውየው አልተበገረም፤ «እንግዲያው ሌላ ይጨመርበት!»

ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። በየስብሰባው፣ በየእድሩ፣ በየለቅሶው ድንኳን አለ። ምስጋና ሲያንሰው ነው። ሌላው ሰው አንድ ክፉ ነገር እንዲጠፋ ሲፈልግ በጀት ይቆጥራል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ይደክማል። የእኛ ሰው ግን ክልከላው ከተነበበበት ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ከምድር ገጽ እንደ ጠፋ ያምናል። ጻድቃን የሚመኙት እምነት ነው።

ፍሎሪዳዎች ይህ ጸጋ ስለሌላቸው አሳራቸውን ያያሉ። ዘንዶውን ትንሽ ሳለ ለጌጥ ገዝተው፣ ሲያድግባቸው ወስደው ከረግረግ ጣሉት። እ.ኤ.አ. በ2008 ዘንዶ የሚያኖር ሁሉ በዓመት 100 ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ያውጣ፣ ከእባቡም ቆዳ ሥር መለያ ቁጥር የያዘች ቅንጣት ትቀበር ተባለ። በ2012 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት አራት ዓይነት እባቦች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ ከለከለ። ከአራቱ አንዱ እኛም ቆላ የሚገኘው የአፍሪካ ዘንዶ ነው፤ ቪዛ የተነፈገ የአገር ልጅ። ክልከላው ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ማዘዋወርንም ይጨምራል ሲባል አርቢዎቹ ከሰሱ፤ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በዋናው ምድር ላሉት ክፍለ ግዛቶች ሕጉ እንዲህ አይልም ብሎ ፈረደላቸው። ከአራቱ ሌላው፣ ረግረጉን የወረሰው የበርማው ዘንዶ፣ ክርክሩን አልጠበቀም። አንዲቱ እናት በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 100 እንቁላል ትጥላለች፤ ኤቨርግሌድስ በሚሉት በዚያ ረግረግ ሣር ውስጥ የተኛን አንድ ዘንዶ የማየት ዕድል ደግሞ ከ1 በመቶ በታች ነው ይላሉ አጥኚዎቹ። ስለዚህ ወንዱን ይዘው፣ ሆዱ ውስጥ ያለበትን የምትጠቁም ራዲዮ ቀብረው፣ መልሰው ይለቁትና እየተከተሉ ሴቶቹን ይለቅማሉ። (ይህችን ዘዴ እንኳ እናውቃታለን፤ ጠቋሚ የሌለው ሰፈር የት አለ?)

እስቲ ክልከላው እኛ ዘንድ መጣ እንበል። ያልተመዘገበ ዘንዶ ማኖር ክልክል ነው። ሕግ አክባሪው ሰው ዘንዶውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ፣ የባጃጅ ሂሳብ የሁለት ሰው ከፍሎ፣ መስኮት ሦስት ይደርሳል።

«ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፤ በቅርብ የተነሣ፣ ሁለት ጆሮው የሚታይ።»

«እኅቴ፣ እባብ እኮ ጆሮ የለውም።»

«መመሪያው ነው፣ ጋሼ። ከሌለው እንደሌለው የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ያምጡ።»

ያመጣል። ስም ከነአያት። የእናት ስም። የጋብቻ ሁኔታ፤ ያላገባ ከሆነ ቀድሞ ከኖረበት ቀበሌ የተጻፈ ማረጋገጫ። የጣት አሻራ ጋ ሲደረስ ሁለት ባለሙያዎች ተጠርተው ግማሽ ቀን ይመክሩና «በጅራቱ ይሁን» ብለው ይወስናሉ። ዋስም ያስፈልጋል፤ ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ ለሌላ እባብ ያልፈረመ። ርዝመቱን ለመለካት ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ሜትር ይዋሳሉ፤ ሜትሩ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል። መዝገቡ ላይ «ርዝመት፦ አንድ ሜትር ተኩል» ተብሎ ይሰፍራል። የቀረው ሁለት ሜትር ተኩል እባብ በሕግ ፊት የለም። ማኅተም የያዘው ሰው ሥልጠና ላይ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሲመለስ ዘንዶው ቆዳውን ገፍፏል። «ይህ ሌላ እባብ ነው፤ ፎቶግራፉን አይመስልም።» «ያው ነው፣ ልብሱን ለውጦ ነው።» «እንግዲያው የድሮውን ቆዳ ይመልሱ፤ ከጠፋም የፖሊስ ማስረጃ ያምጡ።» ሰውየው ማስረጃ ፍለጋ ሲሮጥ ዘንዶው ከማዳበሪያው ሾልኮ መዝገብ ቤት ይገባና ፋይል ሲበሉ የኖሩትን አይጦች አንድ በአንድ ይለቅማል። በዚያ ሳምንት በዚያ ግቢ ሥራውን የሠራ እሱ ብቻ ነው። ከአልጋው ሥር ሦስት ያልተመዘገቡ ዘንዶዎች ያሉት ጎረቤቱስ? ቢሮ ረግጦ አያውቅም፤ ስለዚህ ማንም አያውቀውም፤ ስለዚህ ሕጉ ተከብሯል።

በየዓመቱ ሰሊጥ ለማጨድ ከእኛ ደጋ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርዱት ልጆች ግን ዘንዶ በመስታወት ሣጥን አይተው አያውቁም። እነሱን የሚነድፈውን እባብ ማንም ከውጭ አላስገባውም፤ ነዶው ሥር ነው ያለው። ከሰፈራችን የሄደ አንድ ልጅ አምና እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ ተመለሰ፤ የመርዝ ማርከሻ እስኪገኝለት ሁለት ቀን አልፎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ከተዘነጉት የሐሩር በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ለዚያ ልጅ አንዲት ጣሳ ቀለም የገዛ የለም! ከዚያ ጥግ «ማርከሻ ይገዛ» የሚል ድምፅ ተነሥቶ አያውቅም፤ «ይገዛ» ገንዘብ ያስወጣላ። «ይከልከል» ነጻ ነው።

የሚገባውን ልንከለክል ስንሰናዳ የወጣውንም ማንም አልቆጠረው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኝ እፉኝት አለ፤ ቢጫና ጥቁር፣ ፈረንጆቹ በትንንሽ ዓይኑ የሰየሙት። ዛሬ አሜሪካ በመስታወት ቤት ተቀምጦ ይዋለዳል። ጉርድ ፎቶግራፍ የጠየቀው አልነበረም።

ትናንት በቦዩ ሳልፍ ቀለም ቀቢው ተመልሶ አገኘሁት። ከመጀመሪያው ጽሑፍ በላይ «ቅጣቱ 500 ብር» እያለ ይጨምራል። ቁመቱ አልደርስ ብሎት ፍራሹን አጥፎ ቆሞበታል።